ዘርፍ ያለው ከፋይ

በጋለ ብረት ላይ ጠብ ብሎ የሚቃጠል የሞተር ዘይት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ከገባ፣ የትም ልሁን የት፣ የያዝኩትን ነገር አስቀምጬ ዞር እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ቆሞ ከሥሩ ሰማያዊ ጭስ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ እኔ ወደ ሽታው ተጠግቼ ቆምኩ፤ ቆሜም፣ ይህን ሁሉ ዓመት አሳልፌ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ፣ የራሴን ቤት ይዤ፣ እንደገና ቀናሁ። ሌላው ሰው የልጅነት ቅናቱን በምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ የእኔ በተቃጠለ ዘይት ነው የሚመጣው።

የተወለድኩት ንፋስ መውጫ ነው። አባቴ ጌጡ ሹፌር ነበር፣ እናቴ አስናቀች ደግሞ ልብስ ሰፊ። እኔ በተወለድኩበት ዓመት አባዬ አንዲት ነጭ ሚኒባስ ገዝቶ «ሸጋ» ብሎ ስም አወጣላት፤ «ውዴ» ብላ የእኔን ስም ያወጣችው አያቴ ናት፣ የሸጋን ግን እሱ ራሱ ነው ያወጣው፣ ይህንንም እማዬ ለጎረቤት ስታወራ ከሰማሁ ጀምሮ ረስቼው አላውቅም። ሰው «ስንት ልጅ አለህ?» ብሎ ሲጠይቀው «ሁለት ሴቶች» ይል ነበር፤ ጠያቂው ሁለተኛይቱን በዓይኑ ሲፈልግ አባዬ ወደ ደጅ እየጠቆመ ይስቃል። ሁሉም አብሮት ይስቅ ነበር፣ ከእኔ በቀር።

ክረምት ሲገባ የሚመላለስበት የአርብ ገበያና የወገዳ መንገድ ጭቃ እየሆነ ስለሚያስቸግር አባዬ ብዙውን ቀን ቤት ይውል ነበር፤ ቤት ይውላል ስል ግን ደጅ ከሸጋ ሥር ተጋድሞ ይውላል ማለቴ ነው። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ የቤታችንን ቆርቆሮ እያንኳኳ፣ ጉሙ እስከ በራችን ድረስ እየገባ፣ እኛ ምድጃ ከበን ስንቀመጥ፣ እሱ እጁ በዘይት ጠቁሮ፣ ጸጉሩ ረጥቦ፣ አንዱን እየፈታ ሌላውን እያሰረ፣ በመሀል ያንጎራጉርላት ነበር። ለእኔ አንጎራጉሮልኝ አያውቅም። አንድ ክረምት ሳል ይዞኝ ሰንብቶ እማዬ «ጤና ጣቢያ ውሰዳት እንጂ» ስትለው «ብርድ ነው፣ ይለቃታል» ብሎ አለፈው፤ በዚያው ሳምንት ሸጋ ጠዋት ስትነሳ ሁለቴ ብታስል ግን ቁርሱን ትቶ፣ ጋቢውን ጥሎ፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ደቅኖ አረፈደ። ከመስኮት እያየሁት ሆን ብዬ ጮክ ብዬ ሳልኩ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

በክረምትም በበጋም የማይለወጥ አንድ የጠዋት ሥርዓት ነበረው። የሹፌሩን ወንበር አንስቶ፣ የዘይት መለኪያውን ቀጭን ዘንግ መዝዞ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ መልሶ ነክሮ፣ ዘይቱ የት ድረስ እንደነካው ያይ ነበር። ቀጥሎ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ሲያዞር ዳሽ ቦርዱ ላይ ትንሽ ጀበና የመሰለች ቀይ መብራት ትበራለች፤ ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ በየብረቱ መሀል ሲዳረስ ትጠፋለች። እሷ ስትጠፋ አባዬ ያማትብና «ጠፋች፣ ተመስገን» ብሎ ጉዞውን ይጀምራል። መብራቷ ሳትጠፋ አማትቦ፣ ሳያማትብም ተንቀሳቅሶ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ተደብቄ ጋቢና ውስጥ ገብቼ ሲያገኘኝ አላባረረኝም፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያችን መብራት አሳየኝና፣ «መንገድ ላይ ተመልሳ ከበራች ገደል አፋፍም ቢሆን፣ ሙሽራም ተጭኖ ቢሆን፣ ማቆም ነው፤ የዘይቱ ግፊት ወድቋል ማለት ነው» አለኝ። «ግፊት ከሌለ ዘይቱ ከታች ይቀራል፣ ብረትና ብረት በደረቁ ይፋተጋል። መጀመሪያ ቸክ ቸክ ይላል፣ ቀጥሎ ይግላል፣ ከዚያ ይነካከስና አለቀለት።» ስለ እሷ ሲናገር ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ያን ቀን ልብ አልኩ። ከዚያ በኋላ ጭኑ ላይ መቼ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም።

እማዬም ከእኔ የተሻለች አልነበረችም። ሸጋን «ጣውንቴ» ትላት ነበር፤ ጎረቤቶች ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ፣ እኔ ግን ይህን ስትል የስፌት መኪናዋን እግሯ እንዴት እንደሚረግጠው አይ ስለነበር ቀልድ አለመሆኑን አውቅ ነበር። ቅናትን ከማን ወረስሽው ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ መልሱ እዚያች የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አባዬ አንድ ቀን ከወገዳ ሲመለስ ዳሽ ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ከፋይ ተነጥፎ መጣ። የእኛ አገር ሹፌር መኪናውን እንደ ጫጉላ ቤት ማስጌጥ ይወዳል፤ የሥላሴ ሥዕል ይለጥፋል፣ የፕላስቲክ አበባ ይሰካል፣ መስታወቱ ላይ ዶቃ ያንጠለጥላል፣ ዳሽ ቦርዱን የሚያለብሰው ከፋይ ግን ከሁሉ በላይ የሹፌሩ ክብር ነው። ሸጋ እስከዚያ ቀን ድረስ ራቁቷን ነበረች፤ አባዬ ስንቴ ለምኗት እማዬ «ለጣውንቴ አልሰፋም» ብላ እምቢ ብላው ነበር።

«ማን ሰፋልህ?» አለችው ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

«ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው። ወገዳ ጨርቅ የሚሸጡት። ጣቃ ጨርቃቸውን ስለማደርስላቸው ውለታ ልመልስ ብለው ነው።»

«ናቸው? ደግሞ በአንቱታ!» አለችና ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «የሚደብቀው ነገር ባይኖር አንቺ ነበር የሚላት» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የዘሃራ ስም ሳይነሳ ራት ተበልቶ አያውቅም ነበር። እማዬ አንድ ጠዋት የከፋዩን ጠርዝ ገልብጣ አይታ «ጠማማ ስፌት!» ብላ ተፋችበት፤ እኔ ግን ቀጥ ያለ ሆኖ ነው ያየሁት። የልብስ ሰፊ ባል መኪናውን የሌላ ሴት ስፌት አልብሶ ንፋስ መውጫን ከላይ እስከ ታች ሲዞርበት፣ ሚስቲቱ እንዴት አንገቷን ቀና አድርጋ ገበያ ትውጣ? በሁለት በኩል ነበር የተነካችው፣ በትዳሯም በእጇም፤ የትኛው እንደባሰባት ዛሬም አላውቅም።

ኅዳር ገብቶ ገብሱ ሲወቃ፣ ሸጋ ከአርብ ገበያ እህልና ሰው ጭና ስትመላለስ፣ እማዬ ከሳጥኗ ሥር አንድ ጥቁር ቀይ ከፋይ አወጣች። ለራሷ ካባ ልትሰፋበት ያኖረችው ነበር። ደንበኛ በሄደ ቁጥር እሱን አንስታ ትሰፋለች፣ ደንበኛ ሲመጣ ደብቃ ትቀመጣለች፤ ጠርዙ ላይ የወይን ሐረግ ጠለፈችበት፣ ከዚያም ስንዝር ሙሉ የሚንጠለጠል ወርቃማ ዘርፍ ዙሪያውን ተከለችለት። የእኔ የገና ቀሚስ ደግሞ ተቆርጦ፣ ሳይገጠም፣ ወንበር ላይ ተጥሎ ነበር። ገና ሲደርስ የአምናውን ለብሼ፣ እጅጌው ክርኔ ላይ ደርሶ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሸጋን የሚጠላ አንድ ሰው እንኳን ቤታችን ውስጥ ነበረኝ፣ አሁን እማዬም ለእሷ መስፋት ጀመረች ብዬ አለቀስኩ።

ለጥምቀት ዋዜማ ከፋዩ አለቀ። እማዬ አረንጓዴውን በገዛ እጇ ገፍፋ ቀዩን ዘረጋችው፣ ንፋስ እንዳያነሳውም ጥግ ጥጉን በክር ሰፋችው። አምሮ ነበር፣ ምን ይዋሻል፤ ሌሎች ሹፌሮች ሳይቀሩ በመስኮት አንገታቸውን እያስገቡ ያዩት ነበር። ዘርፉ ግን ከዳሽ ቦርዱ ወርዶ መሪው ጀርባ ያሉትን ሰዓቶችና መብራቶች ሁሉ እንደ መጋረጃ ሸፈናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት አባዬ ቁልፉን አዙሮ፣ ዘርፉን በጣቱ ገለጥ አድርጎ፣ ቀይዋን መብራት ፈለገ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምነው፣ አልወደድከውም?»

«ኧረ እንዴት! እየዳሰስኩት ነው እኮ፣ አስኔ።»

ጣቱን መለሰ። በማግስቱም በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ በሦስተኛውም። አባዬ ጥቂት ቀን ከእሷ ዓይን ከራቀ በኋላ፣ ከከተማ ሲወጣ ቆም ብሎ ዘርፉን እየገለጠ ያይ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል፤ እየቆየ ግን ተወው። ሞተሩ ሲነሳ ጆሮው ይሰማል፣ እጁ ያማትባል፣ አፉም «ጠፋች፣ ተመስገን» ይላል፣ መብራቷን ግን የሚያያት አልነበረም።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ትምህርት ቤት ለእረፍት በተዘጋበት ሳምንት፣ እማዬ ድንገት አባዬን «ይቺን ልጅ አንድ ቀን ወስደህ አገር አሳያት» አለችው። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ በሸጋ ሲመላለስ እኔ ከከተማችን ዳር ወዲያ አልፌ አላውቅም። ስትሸኘኝ ነጠላዬን እያስተካከለች ጆሮዬ ሥር አፏን አድርጋ፣ «ወገዳ ስትደርሺ ሴትዮዋን እያት። ፊቷን እይ፣ እጇን እይ፣ እሱ እንዴት እንደሚስቅላት እይ። ስትመለሺ ለእኔ ብቻ» አለችኝ። ስለላም ቢሆን መሄዴ ነበር ቁም ነገሩ፤ ጋቢና መሀል፣ ከሥሩ ሞተሩ ያለበት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ መቀመጫዬ እየሞቀኝ፣ አባዬን በጎን እያየሁ ሄድኩ። ያን ቀን ከሸጋ እኩል ነበርኩ።

ወገዳ ደርሰን ከጨርቅ ሱቁ በር የወጡት ሴትዮ ከዘራ የያዙ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ ብቻ የቀራቸው አሮጊት ነበሩ። አባዬን «ልጄ» ብለው ግንባሩን ሳሙት። እኔን አገላብጠው ስመው፣ ጋቢናውን ዘልቀው አዩና ቀዩን ከፋይ በቀጭን ጣታቸው ዳሰሱት። «የእናትሽ እጅ ነው ይሄ? እንዲህ ያለ እጅ ቤቱ እያለ እኔ ምን አቅብጦኝ ሰፋሁለት! ንገሪያት፣ አፍሬያለሁ በያት» አሉኝ። ሳቅኩ። ይህን ወሬ ይዤ ቤት እስክደርስ ቸኮልኩ፤ እማዬ ደስ ሲላት አየሁ በሐሳቤ፣ ደስታውን ያመጣሁላት ደግሞ እኔው ነኝ።

ስንመለስ አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ድንጋይ ከሥር ሸጋን መታት። አባዬ ወርዶ አጎንብሶ አየና ምንም የሚፈስ ነገር ስላላየ ተመልሶ ገባ። የተመታው የዘይቱ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ስንጥቁ ቀጭን ሆኖ ዘይቱን የሚያወጣው በጠብታ በጠብታ ስለነበር የዚያን ሰዓት አይታይም። አርብ ገበያ ስንደርስ ቆመን ሰው ጫንን፤ ከኋላ ከሰርግ የሚመለሱ ሞሉት፣ ጋቢና ከእኔ ጎን ደግሞ ከቤተ ልሔም የመጡ፣ የአባዬ የቆዩ ደንበኛ የሆኑ ሽማግሌ መሪጌታ ተቀመጡ። አባዬ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ እጁ አማተበ። «ጠፋች፣ ተመስገን።»

ዳገቱን ስንጀምር ሰርገኞቹ ጭብጨባና ዘፈን ጀመሩ። አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ የምታወጣውን ሁሉም እየተቀበለ፣ ወለሉን በእግር እየደበደበ፣ አባዬም በመሪው ላይ በጣቱ ምት እየያዘ ወጣን። ቸክ ቸክ የሚል ነገር ከሥሬ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፣ ግን ጭብጨባው ይሁን ሌላ ማን ይለየዋል። ከዚያ ወንበሬ ሞቀ፣ ከመሞቅ አልፎ ፈጀኝና ብድግ አልኩ። ያ ሽታ መጣ። አባዬ ፊቱ ተለዋውጦ እግሩን ሲያነሳ፣ ከሥራችን እንደ መዶሻ ያለ ምት ተሰማ፣ ሸጋም ተንቀጥቅጣ ቀጥ አለች። ዘፈኑ በመሀል ተቆረጠ።

አባዬ ፍሬኑን እንደያዘ ዘርፉን በሙሉ እጁ ገለጠው። ቀይዋ መብራት እዚያ ነበረች፣ ፍም መስላ። ከመቼ ጀምሮ እንደበራች እግዚአብሔር ይወቅ።

«ጌጡ፣» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «አርብ ገበያ ስንነሳ አማትበህ ነበር እኮ።»

«ሳላያት ነው ያማተብኩት፣ መሪጌታ።»

ሰው ሁሉ ወርዶ ድንጋይ ጎማ ሥር ሲያደርግ፣ አባዬ ብቻውን ጋቢና ውስጥ ቀርቶ የከፋዩን ክሮች በጥርሱ በጠሳቸው። እኔ አልወረድኩም ነበር። ከፋዩን እንደ ሕፃን ልብስ በጥንቃቄ አጥፎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።

«ውዴ፣ ለእማዬ አንነግራትም።»

«ምኑን?»

«ዘርፉ መሸፈኑን። ከጠየቀችሽ፣ አባዬ መብራቷን አይቶ ዳገቱን ልጨርስ ብሎ ነው ያለቆመው፣ በያት። እሺ የኔ እናት?»

የኔ እናት ብሎኝ አያውቅም ነበር። «እሺ» አልኩ። መሪጌታ ከደጅ፣ በሩን እንደያዙ፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው «የእኔ ዓይን እንደሆነ ደክሟል፤ ምንም ያየሁት ነገር የለም» አሉ።

ሌሊቱን እዚያው አደርን፤ በማግስቱ አንድ የጭነት መኪና ሸጋን ጎትቶ ጋራዥ አገባልን። ሹፌሩ፣ ተላላኪው፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ እማዬም ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ ነበር። መካኒኩ ፈንቴ ከሥር ተንፏቆ ወጣና እጁን እየጠረገ፣ «ጌጡ፣ ድንጋዩስ ይምታ። ዘይቱ ሲያልቅ መብራቷ አልበራችም?» አለው።

«በርታ ነበር» አለ አባዬ።

«አይተሃት?»

«አይቻት። ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ዳገቱን ልጨርስ ብዬ።»

 ለሹፌር ከዚህ የከፋ ቃል የለም፤ መንገድ ላይ ተኝቶ ተገለበጠ ቢባል ይሻላል። እማዬ እዚያው ሰው ፊት፣ «እኛን ጥለህ ከእሷ ጋር ኖርክ፣ ለእሷም እንኳን አልሆንካትም!» አለችው። አባዬ መሬት መሬት አየ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። አንድ ቃል ብናገር ክብሩ ይመለስለት ነበር፤ ግን አትናገሪ ያለኝ እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ለእኔ ብቻ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ያ ምስጢር ነበርና አቅፌው ቤት ገባሁ።

ያን ምሽት እማዬ ምድጃው አጠገብ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሴትዮዋስ?» አለችኝ።

«አሮጊት ናቸው። ሁለት ጥርስ ነው ያላቸው። አባዬን ልጄ ነው የሚሉት። የአንቺን ስፌት አይተው አፍሬያለሁ በያት አሉኝ።»

እማዬ ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይቺ ሴት ከንቱ ቅናቷ ሸጋን እንደበላት ብታውቅ ዕድሜ ልኳን ቀና አትልም ነበር፤ አባዬ ይህን አውቆ ነው ስሙን አሳልፎ የሰጠው። እና ምስጢሩ የእኔና የእሱ መስሎኝ ያቀፍኩት፣ ለካ የእሷ ኖሯል። ሸጋ ላይ የቀናሁት ቅናት ሁሉ ያን ሌሊት ተነስቶ እናቴ ላይ ሰፈረ።

ዐቢይ ጾም ሙሉ ሸጋ ጋራዥ ነበረች። ሞተሩ ተበትኖ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ የአባዬ የቀድሞ ትምህርት አንድ በአንድ ተጽፎበት ነበር፤ ብሮንዚን የሚሉት፣ የሚሽከረከረው ብረት የሚያርፍበት ስስ ቅርፊት፣ ቀልጦ ተጣብቋል፣ ዋናው ዘንግ በእሳት እንደተለበለበ ሰማያዊ ሆኗል፣ ፒስቶኖቹ ድመት እንደቧጨራቸው ተፋፍቀዋል። ቤታችን በእማዬ መርፌ ነበር የሚበላው። ሹፌሮቹ አባዬን «ቀይ አይፈሬ» የሚል ስም አወጡለት፤ በመንገድ ሲያልፍ «ቀይ አይፈሬ፣ እንዴት አደርክ!» ይሉታል፣ እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይስቃል። ለመብራት ሲል ያማትብ የነበረ ሰው! እማዬም ምሽት ምሽት «ግትርነትህ ነው ያስራበን» ትለው ነበር፣ እሱ ሽሮውን እያጠቀሰ «እውነትሽን ነው» ይላል። እኔ መሀል ተቀምጬ እቃጠል ነበር። ለእኔ እንዲህ አድርጎ የሚዋረድልኝ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ከሁለቱም ራቅ ብዬ እበላ ነበር።

ለፋሲካ ሸጋ ተሠርታ ወጣች። ቀዩ ከፋይ ተመልሶ ዳሽ ቦርዱ ላይ ነበር፣ ግን ልክ ከመሪው ጀርባ፣ በመዳፍ ስፋት፣ ዘርፉ የለም። እማዬ አየችው።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«የተሳፋሪ ልጅ ያኔ ጎትቶ ነቀለው» አለ አባዬ ወደ ሰማይ እያየ።

እማዬ ጠርዙን በጣቷ ያዘችው። ልጅ የጎተተው ዘርፍ ይተለተላል እንጂ እንዲያ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ በምላጭ የተሄደበት መሆኑን ለልብስ ሰፊ ማን ይነግራታል። ቤት ገብታ መርፌና ወርቃማ ክር ይዛ ወጣች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ በዚያ ክፍተት በኩል አጎንብሳ ጀበና የመሰለችውን መብራት አየች። ከዚያ «የዘንድሮ ልጆች ባለጌ ናቸው» አለችና ጫፉ እንዳይተረተር፣ እንደ ሙሽራ ልብስ በጠባብ በጠባቡ ቀመቀመችው። ስትጨርስ አባዬ በእጁ አሻግሮ ቁልፉን አዞረ፤ ቀይዋ መብራት በክፍተቱ ውስጥ በራች፣ ሞተሩ ተነሳ፣ መብራቷ ጠፋች። አባዬ አማተበ። እማዬም አማተበች።

አሁን ሸጋ የለችም፣ ተሸጣ ሄዳለች፤ ቀዩ ከፋይ ንፋስ መውጫ ወላጆቼ ቤት የቴሌቪዥኑ ልብስ ሆኗል። ባለፈው ፋሲካ ልጆቼን ይዤ ስሄድ አባዬ ለአንድ እንግዳ ያን ታሪክ ሲያወራ ደረስኩ፤ «መብራቷን እያየሁ፣ ዳገቱን ልጨርስ ብዬ!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እማዬ ከማጀት «ግትር ነው እኮ፣ ዱሮም ግትር ነው!» እያለች ወጥታ፣ ከትከሻው የወረደውን ጋቢ መልሳ አለበሰችው። ይህን ሁሉ ዓመት አንዱ ከሌላው ይደብቃሉ፣ ሁለቱም ያውቃሉ። እኔ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጬ ያን ቅምቅማት በጣቴ ስዳስስ ቆየሁ፣ ሲመሽ ልጆቼን ሰብስቤ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስኩ።

የእኛ መኪና አዲስ ናት። ዘይት ሲጎድላት ትጮሃለች፣ ባንሰማት በመስታወቷ ላይ ጽፋ ታሳየናለች፤ ዳሽ ቦርዷ ላይ ምንም ነገር አይነጠፍም። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፣ ሳል ሲይዘኝ ጤና ጣቢያ ይወስደኛል፣ ልጆቻችንን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፣ በቤታችን የተደበቀ ነገር የለም። መብራቱን የሸፈንኩት እኔ ብሆን ግን ጥፋቱን በራሱ አያደርግልኝም፤ ይነግረኛል። እኔም እነግረዋለሁ።